«አሁኑኑ አፍጥን»፦ አንድ የስልክ ማጽጃ መተግበሪያ ሲፈተሽ

በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ የአንድሮይድ ስልኮችን የሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። ስልኩ ከተገዛ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ኪቦርዱ ዘግይቶ ይወጣል፣ ቴሌግራም ሲነካ ባዶ ገጽ ይዞ ይቆያል፣ ካሜራው የሚከፈተው ፎቶ ሊነሣ የታሰበው ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ሞባይል ቤትም ተጠየቀ የሥራ ባልደረባ፣ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ከኋላ የተከፈቱትን አፖች ዝጋቸው፣ ካልሆነም ክሊነር ጫንበት። ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው ክሊነሩን ነው፤ ክሊነሩ ግን የመጀመሪያውን ምክር በአንድ ቁልፍ የሚፈጽም መሣሪያ በመሆኑ አንዱን መርምሮ ሌላውን መተው አይቻልም።

የተፈተሸው መተግበሪያ በፕሌይ ስቶር በነጻ የሚገኝና «ራም አጽጂ፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ ስልክ አፍጣኝ» እያለ ራሱን የሚያስተዋውቅ ነው። ራም የሚባለው ስልኩ የተከፈቱ መተግበሪያዎችን ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ማከማቻ የተለየ ነው። ስሙን መጥቀስ አላስፈለገም፤ የዚህ ዘር መተግበሪያዎች በአርማቸው ቀለም ካልሆነ በቀር በሥራቸው ብዙም አይለያዩምና አንዱን የሞከረ ሌሎቹንም እንደ ሞከረ ሊቆጥር ይችላል። ሙከራው የተደረገው 4 ጊጋባይት ራም ባለውና አንድሮይድ 14 በሚሠራበት ስልክ ላይ ሲሆን፣ ለማነጻጸር ያህል 2 ጊጋባይት ራም ያለውና አንድሮይድ 10 ላይ የቀረ አሮጌ ስልክም ተጨምሯል። አንባቢን ላለማንጠልጠል ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፦ መተግበሪያው ሁለቱንም ስልኮች አላፈጠናቸውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም አዘግይቷቸዋል፤ ከፍጥነት ጋር የማይያያዝ አንድ ጠባዩ ደግሞ ከመዘግየትም የባሰ ነው።

መተግበሪያው ሲከፈት መሐል ላይ ትልቅ ክብ ይታያል። በክቡ ውስጥ ከራሙ ምን ያህሉ እንደ ተያዘ በመቶኛ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ በዚህ ዋጋ ባለ ስልክ ላይ ደግሞ ከፍ የማይልበት ጊዜ የለም፣ ክቡ ቀይ ሆኖ ከሥሩ «ስልክዎ ቀርፋፋ ሆኗል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቁልፉ ሲነካ ሮኬት ይተኮሳል፣ የቴሌግራም፣ የዩቲዩብና የቲክቶክ አርማዎች እየተሽከረከሩ አንድ በአንድ ወደ መሐል ሰምጠው ይጠፋሉ፣ ቁጥሩ ቁልቁል ይቆጥራል፣ ክቡም አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ገጹን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ማስታወቂያ ይከተላል፤ የመዝጊያዋ ምልክት ጥግ ላይ ብቅ የምትለው ዘግይታ ነው፣ እሷም ብትሆን ለአውራ ጣት የተሠራች አትመስልም። ትርኢቱ በጥሩ ሁኔታ የተቀነባበረ መሆኑን አልክድም፤ አንድ ነገር እንደ ተደረገ ያሳምናል።

የተደረገውን በትክክል ለማየት ግን ሌላ መስኮት አለ። በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ መረጃ በሚሰጠው ገጽ ላይ የቢልድ ቁጥሩ ሰባት ጊዜ ሲነካ የገንቢ አማራጮች ይከፈታሉ፤ በእነዚያም ውስጥ የትኛው መተግበሪያ በዚያች ቅጽበት ራም ይዞ እየሠራ እንደ ሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ይገኛል። በአሮጌው ስልክ ላይ ክሊነሩ አረንጓዴ እንዳሳየ ወዲያው ይህ ዝርዝር ሲከፈት፣ የተወሰኑ ስሞች በእርግጥ ጎድለዋል። ዓይንን ሳይነቅሉ ጥቂት ሲጠብቁ ግን መልእክት የሚቀበሉት መተግበሪያዎች ተራ በተራ ይመለሳሉ፤ ለመመለስ ደግሞ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የስልኩን አስሊ ክፍል፣ ያስቸግራሉ፣ ነጻ የተባለው ራምም ወደ ነበረበት ይጠጋል። በክሊነሩ ገጽ ላይ ግን ክቡ አረንጓዴ እንደ ሆነ ነው፤ የሚያሳየው የአሁኑን ሁኔታ ሳይሆን የራሱን ድል ነው። በአዲሱ ስልክ ላይ የታየው ደግሞ ከዚህም ይገርማል፦ ሮኬቱ ተተኩሶ፣ አርማዎቹ ሰምጠው፣ ቁጥሩ ወርዶ ሲያበቃ ከዝርዝሩ የጠፋ ስም አልነበረም። ይልቁንም በዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ተጨምሮ ተገኘ፤ እሱም በማሳወቂያ መስመሩ ላይ ቋሚ ምልክት አስቀምጦ ሌት ተቀን የሚሠራው ክሊነሩ ራሱ ነው።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ክሊነሮች ለዓመታት ሌሎች መተግበሪያዎችን ሲዘጉበት የኖሩት የአንድሮይድ ትእዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አንድሮይድ 14 ላይ ተገድቧል፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ትእዛዝ የሚጠራ መተግበሪያ ሊዘጋ የሚችለው የራሱን የጀርባ ሂደቶች፣ ማለትም ከስክሪኑ ጀርባ ያሉትን የራሱን ክፍሎች፣ ብቻ ነው። ጉግል ለመተግበሪያ ሠሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይም፣ በሦስተኛ ወገን የተሠራ መተግበሪያ የአንድሮይድ ስልክን የራም፣ የኃይል ወይም የሙቀት ጠባይ ሊያሻሽል እንደማይችል ሳያሻማ አስፍሯል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ተጽፎ ሳለ መደብሩ በአፍጣኞች የተሞላ መሆኑ የመደብሩን ጠባቂዎች የሚያስወቅስ ነው፤ ለዛሬው ግምገማ ግን ዋናው ነጥብ በአዲስ ስልክ ላይ የሚታየው ሮኬት ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው።

ክልከላው ባይኖርስ ኖሮ መዝጋቱ ይጠቅም ነበር ወይ? የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀዩ ክብ ማስፈራሪያ የቆመው ራም መሙላቱ በሽታ ነው በሚለው ግምት ላይ ነው። አንድሮይድ ግን የተገነባው የሥርዓቱ እምብርት በሆነው በሊነክስ ከርነል ላይ ሲሆን፣ ራምን የሚያስተዳድረው ባዶ ራም የባከነ ራም ነው በሚል መርሕ ነው። ተጠቃሚው ከአንድ መተግበሪያ ወጥቶ ወደ ሌላ ሲሄድ የመጀመሪያው ወዲያው አይጠፋም፤ ሲመለስበት ከቆመበት እንዲቀጥል ራም ውስጥ ይቀመጣል። የተቀመጠው መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ አይደለም፤ ቦታ ይዟል እንጂ ፕሮሰሰሩን አያስቸግርም። ስልኩ ለሌላ ነገር ቦታ ሲያስፈልገው፣ ራም ሲጠብ ሂደቶችን የሚዘጋው የሥርዓቱ ክፍል የሁሉንም ደረጃ ይመለከታል፦ ተጠቃሚው እያየው ያለው መተግበሪያ ከሁሉ አብልጦ ይጠበቃል፣ ከጀርባ ሆኖ ሙዚቃ የሚያጫውተው ወይም መንገድ የሚመራው ይከተላል፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ተጠቃሚው ከተለየው የቆየው ይሆናል። መዝጋቱ የሚጀምረው ከታች ነው፣ የሚያቆመውም የሚበቃው ቦታ እንደ ተገኘ ነው። ክሊነሩ ግን ይህን ደረጃ አያውቅም፤ የሚያውቀው መቶኛውን ብቻ ነው።

አንድሮይድ የጀርባ ሥራን ራሱ መቆጣጠር የጀመረውም ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 6ኛው እትም ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ የመተግበሪያዎችን እንቅስቃሴ የሚያስተኛ ዶዝ የተባለ ሥርዓት ይዞ መጣ፤ በ2017 የወጣው 8ኛው እትም መተግበሪያዎች ከጀርባ ሆነው ሊሠሩ የሚችሉትን ሥራ ገደበ፤ በ2018 የወጣው 9ኛው እትም ደግሞ መተግበሪያዎችን እንደ አጠቃቀማቸው ድግግሞሽ በደረጃ መደበ። ከ11ኛው እትም ጀምሮ በጀርባ የተቀመጡ ሂደቶችን ፈጽሞ ፕሮሰሰር እንዳይነኩ አድርጎ የሚያቀዘቅዝ አሠራር ገብቷል። «ከኋላ የተከፈተ አፕ ስልኩን ያዘገያል» የሚለው ምክር ከ10 ዓመት በፊት በነበሩት ስልኮች ላይ የተወሰነ እውነት ነበረው ቢባል አልከራከርም፤ ምክሩ ግን ስልኮቹ ሲለወጡ አብሮ አልተለወጠም።

ስለ ካርዶቹም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በስልኩ ታች ያለው ቁልፍ ሲነካ፣ ወይም ጣት ከሥር ወደ ላይ ተንሸራቶ ሲቆም የሚደረደሩት የመተግበሪያ ካርዶች «አሁን የተከፈቱ» ተደርገው ይታሰባሉ። እነሱ ግን የታሪክ መዝገብ ናቸው፤ ተጠቃሚው በቅርቡ የጎበኛቸውን ገጾች ያሳያሉ እንጂ መተግበሪያው በሕይወት ስለ መኖሩ አይመሰክሩም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ በራም ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ካርዶቹ ግን በብዙ ስልኮች ላይ እንደ ተደረደሩ ይገኛሉ። ካርድ በካርድ እየጠረገ ስልኩን ያቀለለ የሚመስለው ሰው፣ ከጠረጋቸው ብዙዎቹ ሥርዓቱ ራሱ ቀደም ብሎ የዘጋቸው ሥዕሎች ናቸው።

ሥርዓቱ ያልዘጋውን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል በአሮጌው ስልክ ላይ በደንብ ይታያል። ከቴሌግራም ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ሲመለሱ፣ ያነበቡት መልእክት እዚያው ቦታ ላይ፣ በግማሽ የተጻፈው ምላሽም ከነጠቋሚው ይገኛል። ክሊነሩ ከተነካ በኋላ ሲመለሱ ግን መጀመሪያ አርማው፣ ቀጥሎ ባዶ ገጽ፣ ከዚያ «በመገናኘት ላይ» የሚለው ጽሑፍ፣ በመጨረሻም የውይይቶቹ ዝርዝር ከላይ ጀምሮ ይመጣል። በመተግበሪያ ሠሪዎች ዘንድ ይህ ከዜሮ መነሣት ይባላል፤ ጉግል ራሱ ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት ከዜሮ የሚነሣ መተግበሪያ እስከ 5 ሰከንድ ቢወስድ በትዕግሥት የሚታለፍ ሲሆን፣ በራም ውስጥ ቆይቶ የሚመለስ ግን 1.5 ሰከንድ ከደረሰ ቀርፋፋ ተብሎ ይመዘገባል። ሁለቱ መለኪያዎች መራራቃቸው ብቻ ከየትኛው ወገን መሆን እንደሚሻል ይናገራል። አቦል ተቀድቶ እንዳለቀ ከሰሉ ላይ ውኃ አፍስሶ፣ ቶና ሲፈለግ እንደገና ማቀጣጠል ማለት ነው፤ ምድጃው ለጥቂት ጊዜ ንጹሕ ይመስላል፣ ቡናው ግን ይዘገያል።

መዘግየቱ አንዳንዴ ሥራም ያበላሻል። በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ሊልክ የሒሳብ ቁጥርና መጠን ሞልቶ የጨረሰ ሰው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለማየት ወደ አጭር መልእክት ሳጥን ይወጣል። በዚህ መሐል ስክሪኑ ጠፍቶ «ሲቆለፍ በራስ ሰር አጽዳ» የተባለው የክሊነሩ አማራጭ ሥራውን ከሠራ፣ ሲመለስ የሚጠብቀው የሞላው ቅጽ ሳይሆን የይለፍ ቃል መጠየቂያው ነው። የያዘው የማረጋገጫ ቁጥርም በዚያው ጊዜው ያልፍበታል።

ባትሪን በተመለከተም መተግበሪያው የገባው ቃል አይሠራም። ራም ሞላም ባዶም ሆነ የሚወስደው ኃይል ያው ነው፤ ባትሪ የሚበላው መተግበሪያን ከዜሮ አስነሥቶ ፋይሎቹን ከማከማቻ ማንበብና ከአገልጋዩ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚያገለግለው ኮምፒውተር፣ ጋር እንደገና ማገናኘት ነው። በየሰዓቱ እየተዘጋ በየሰዓቱ የሚከፈት ቲክቶክ ከቆየ ቲክቶክ ይልቅ ውድ ነው። ቻርጅ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው መመልከት ያለበት የስክሪኑን ብርሃን፣ ኔትወርክ በደከመበት አካባቢ ስልኩ ሲግናል ፍለጋ የሚያወጣውን ኃይልና የመገኛ ቦታ ፈቃድ የያዙትን መተግበሪያዎች ነው፤ በቅንብሮች ውስጥ ያለው የባትሪ ገጽ የትኛው መተግበሪያ ምን ያህል እንደ ወሰደ በመቶኛ ያሳያል፣ ለዚህም ክሊነር አያስፈልግም።

በአይፎን ላይ ጉዳዩ ከብዙ ጊዜ በፊት ያለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ተጠቃሚ መተግበሪያዎችን መዝጋት ለባትሪ አስፈላጊ እንደ ሆነ፣ እነሱም ራሳቸው ይህን ያደርጉ እንደ ሆነ ለአፕል ጽፎ ሲጠይቅ፣ የኩባንያው የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ለሁለቱም ጥያቄዎች «አይ» የሚል አጭር መልስ ሰጥቷል። የአፕል መመሪያም መተግበሪያ መዘጋት ያለበት ምላሽ መስጠት ሲያቆም ብቻ እንደ ሆነ ይገልጻል።

አሁን ከመዘግየት የባሰ ወዳልኩት ጠባይ እንመለስ። አንድሮይድ 14 የቀድሞውን በር ስለ ዘጋባቸው፣ ክሊነሮች «ጥልቅ ጽዳት» በሚል ስም ሌላ በር ማንኳኳት ይዘዋል፤ ይኸውም የተደራሽነት ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የተዘጋጀው ማየት ለተሳናቸውና እጃቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች የሚያገለግሉ መሣሪያዎች እንዲሠሩበት ነው፤ ስለዚህም የተሰጠው መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብና በተጠቃሚው ምትክ ቁልፎችን መንካት ይችላል። ፈቃዱን ስሰጠው ክሊነሩ የእያንዳንዱን መተግበሪያ የመረጃ ገጽ እየከፈተ ፎርስ ስቶፕ (በግድ አቁም) የሚለውን ቁልፍ ራሱ ሲነካ፣ ገጾቹ በዓይን ፊት ብልጭ ድርግም ሲሉ ይታያል። እንደ ሥራ ከታየ ብልሃት አይጎድለውም። ነገር ግን ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ፣ በማስታወቂያ ለሚተዳደር፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለማይታወቅ መተግበሪያ ስክሪን የማንበብና ቁልፍ የመንካት ሥልጣን መስጠት የቤት ቁልፍን ለማያውቁት ሰው ከማስረከብ አይለይም። የባንክ ገንዘብ የሚሰርቁ የአንድሮይድ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች በዋናነት የሚጠቀሙበት ፈቃድም ይኸው ነው። የሞከርኩት መተግበሪያ እንዲህ ያለ ነገር አድርጓል አልልም፤ ሊያደርግ የሚችልበትን ሁኔታ ግን ራሱ ጠይቆ ያገኛል፣ በምላሹም የሚሰጠው ነገር የለም።

ፎርስ ስቶፕ ራሱ ደግሞ ካርድን ጠርጎ እንደ መጣል ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ የቆመ መተግበሪያ ተጠቃሚው በእጁ እስኪከፍተው ድረስ እንደ ቆመ ይቆያል፤ ያስያዘው ማንቂያ ይሰረዛል፣ ከአገልጋዩ የሚላክለት ማሳወቂያም አይደርሰውም። በተግባር ሲታይ ማለዳ ሊቀሰቅስ የተሞላው የማንቂያ መተግበሪያ ዝም ይላል፣ የሶላት ሰዓት የሚያሰማው መተግበሪያ አዛኑን ያሳልፋል፣ ከዐረብ አገር በኢሞ የደወለች እኅት ስልኩ አይጠራላትም። ተጠቃሚውም ጥፋቱን የሚጥለው በኔትወርኩ ላይ ነው፤ ክሊነሩን የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው፣ እሱ አረንጓዴ ነዋ።

የዚህ ንግድ ታሪክም የሚያስተማምን አይደለም። ክሊን ማስተር በተባለው ማጽጃው ዓለም አቀፍ ስም ያተረፈው ቺታ ሞባይል የተባለ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ጉግል በሚረብሹ ማስታወቂያዎች ምክንያት ወደ 600 የሚጠጉ መተግበሪያዎችን ከፕሌይ ስቶር ሲያነሣ መተግበሪያዎቹ ከተነሡበት መካከል ነበር። የአሁኖቹም የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው። የሞከርኩት መተግበሪያ ማስታወቂያ የሚያጠፋ የሚከፈልበት እትም አለው፤ ነገር ግን አገር ውስጥ ላለ ብዙ ሰው ፕሌይ ስቶር የሚቀበለው የክፍያ ካርድ ስለሌለው፣ የሚከፍለው በቪዲዮ ማስታወቂያ፣ ማለትም በዳታ ፓኬጁ ነው። ራም ላጽዳልህ ብሎ ሜጋባይት የሚበላ አገልግሎት ነጻ ሊባል አይገባም።

መተግበሪያው አንድ ጠቃሚ ክፍል እንዳለው ግን መመስከር ይገባል። ከቀዩ ክብ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ላይ፣ ተደጋጋሚ ፎቶዎችንና ትልልቅ ፋይሎችን የሚለይ መሣሪያ አለው፤ ይህ መሣሪያ በትክክል ይሠራል። ችግሩ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውና ዛሬ ፋይልስ በሚል ስም በብዙ ስልኮች ላይ አብሮ የሚመጣው መተግበሪያ ይህንኑ ሥራ ያለ ማስታወቂያና ያለ ሮኬት መሥራቱ ነው።

ስልኩን በእውነት የሚያዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የማከማቻ ጉዳይ ነው። በርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ማከማቻ ከመጀመሪያውም ፈጣን አይደለም፤ ሊሞላ ሲቃረብ ደግሞ አዲስ ነገር ለመጻፍ የድሮውን ማዘዋወርና ቦታ ማመቻቸት ስላለበት ይብስበታል፣ እያንዳንዱ መተግበሪያም የሚነበበውና የሚጻፈው እዚያ ስለ ሆነ መንቀራፈፉ በሁሉም ላይ ይታያል። በእኛ አገር ስልኮች ላይ ማከማቻውን የሚሞላው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በደርዘን የሚቆጠሩ የቴሌግራም ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ስልክ ውስጥ፣ ያልታዩ ቪዲዮዎችና ያልተነበቡ ፒዲኤፎች ብዙ ጊጋባይት ይዘው ይተኛሉ። በቴሌግራም ቅንብሮች ውስጥ ዳታና ማከማቻን በሚመለከተው ገጽ ይህን ሁሉ ማጥፋት ይቻላል፤ ከምስጢራዊ ውይይቶች በስተቀር ፋይሎቹ በቴሌግራም አገልጋዮች ላይ ስለሚቆዩ ሲያስፈልጉ መልሶ ማውረድ ይቻላል፣ ዳታ ማስወጣቱ እንዳለ ሆኖ። በዚያው ገጽ ላይ ፋይሎች ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ብቻ እንዲቆዩ ማዘዝና በራሳቸው የሚወርዱበትን አማራጭ ማጥፋት ይቻላል። በአሮጌው ስልክ ላይ ይህ ተደርጎ ከጠቅላላው ማከማቻ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ባዶ ሲሆን፣ ክሊነሩ ያላመጣው ለውጥ መጣ፤ ኪቦርዱ ከጣት ጋር መሄድ ጀመረ፣ ካሜራውም ሳያስለምን ተከፈተ።

በካርቶኑ ላይ «8+8 ጊጋባይት» ተብሎ የሚሸጠው ተጨማሪ ራምም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ሁለተኛው 8 ራም አይደለም፤ ከማከማቻው ተቆርሶ እንደ ራም የሚያገለግል ቦታ ነው፤ ማከማቻ ደግሞ ከራም ጋር በፍጥነት አይወዳደርም። በብዙ ስልኮች ላይ ከቅንብሮች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ማከማቻው ለተጨናነቀበት ሰው ማጥፋቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

መተግበሪያን በእጅ መዝጋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። የተጣበቀ፣ ጣት የማይሰማ መተግበሪያ መዘጋት አለበት። መድረሻው ላይ ደርሶም መንገድ መምራቱን የማያቋርጥ ካርታ፣ ከጀርባ ሆኖ ድምፅ የሚያሰማ የብራውዘር ገጽ፣ በባትሪው ገጽ ላይ ያለ ምክንያት አናት ላይ የተቀመጠ መተግበሪያም እንዲሁ። 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ ደግሞ ከቪዲዮ ጥሪ በፊት ከባድ ጌምን መዝጋት ለዚያች ሰዓት የሚታይ ልዩነት ያመጣል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚዘጋው ግን አንድ የታወቀ መተግበሪያ ነው፣ የሚዘጋውም በታወቀ ምክንያት ነው። «ሁሉንም አጽዳ» የሚለው ቁልፍ ይህን አይለይም።

በዚህ ሁሉ መሠረት መተግበሪያው ከ5 ኮከቦች አንዱን ያገኛል፤ እሱንም ያገኘው በፋይል መለያው ነው። የተደራሽነት ፈቃድ ለሰጠው ሰው የምመክረው ፈቃዱን ነጥቆ መተግበሪያውን እንዲያጠፋው ነው።

የሚቀረው ከፋብሪካ ተጭነው የሚመጡት ማጽጃዎች ጉዳይ ነው፤ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ስልኮች ላይ ፎን ማስተር፣ በሳምሰንግ ላይ ዲቫይስ ኬር፣ በሌሎቹም ላይ እንደየስማቸው። እነዚህ የሥርዓቱ አካል ስለ ሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠፉ አይችሉም፤ አንድሮይድ 14 በውጭ መተግበሪያዎች ላይ የጣለው ገደብም አያግዳቸውም፣ ዝጉ ሲባሉ በእርግጥ ይዘጋሉ። ስለዚህ በራስ ሰር የማጽዳት ወይም ስክሪን ሲቆለፍ የማጽዳት አማራጭ ካላቸው ማጥፋት፣ ማንቂያውን፣ ቴሌግራምንና ኢሞን ደግሞ ከባትሪ ቁጠባ ነጻ በሚያደርገው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ማሳወቂያቸው በየቀኑ «ስልክዎን ያጽዱ» እያለ ለሚጎተጉተው ሰው፣ ማሳወቂያውን ተጭኖ ሲይዘው የሚያጠፋው አማራጭ እዚያው ይወጣለታል።